ስግድን በጣና ዳር የዋልሁባት ኅዳር

ይህን የጻፍሁት ለእናቴና ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረዋት ለሚቀመጡት ባልንጀሮቿ ነው። እነሱ ወደዚያ አገር ዳግመኛ አይሄዱም፤ ጉልበቱም የለ፣ ልባቸውም ቁርጥ አይልላቸውም። ከተመለስሁ ጀምሮ ግን አንዷ "ጣና እንዴት ነው?" ስትል፣ ለእሷ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ "ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" ስትል ምላሴ አለቀ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። የልጅ ልጆቻችሁ የአማርኛ ፊደል ስለማይለዩ እኔው መጥቼ አነብላችኋለሁ፤ እንዳታቋርጡኝ ብቻ።

እሑድ።

በሬሆቮት ከተማ የዓይን ነርስ ነኝ። አብሬው የምሠራው ሐኪም ዶክተር ኤያል ባሕር ዳር ሄዶ ለሁለት ሳምንት የዓይን ሞራ በነጻ ሊያወጣ ሲነሳ "ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ" ብሎ ወሰደኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ አገር በአሥራ አንድ ዓመቴ ከወጣሁ አንድም ቀን ተመልሼ አላውቅም።

ቀኑን ስንቆጥር ታዲያ ስግድ እዚያው ልታገኘኝ ሆነ። ስግድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ምናልባት ሌላ ሰው ቢያነበው ግን፣ ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን እኛ ቤተ እስራኤሎች ጾመን፣ ድንጋይ ተሸክመን ተራራ የምንወጣበት፣ ኃጢአታችንን ተናዝዘን ወደ ኢየሩሳሌም የምንሰግድበት፣ ከዚያም ወርደን የምንበላበትና የምንጨፍርበት በዓል ነው። ዛሬ ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቆመን፣ የቤተ መቅደሱ ቦታ ከፊታችን እየታየ እናከብረዋለን።

እናቴ በር ላይ ይዛኝ ሳቀች። "እኛ እኮ ከዚያ ሆነን ወደዚህ ስንሰግድ ኖረን ነው የመጣነው። አንቺ ደግሞ ከዚህ ሄደሽ ከዚያ ልትሰግጂ! ወይ ጉድ!" አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ስሚ ጥሩወርቅ። ማን ነሽ ቢሉሽ ከኢየሩሳሌም አገር ነኝ በይ። ሌላ አትጨምሪ።"

"ለምን?"

"ለምን አትበይኝ። የአባትሽን ሥራ ታውቂያለሽ፤ የእኔንም ታውቂያለሽ። ቡዳዋ የዓይን ሐኪም ሆና መጣች ብለው ይሸሹሻል።"

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደምቢያ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ። ጎረቤቶቻችን ማረሻውንም እንስራውንም ከእኛ ይወስዱ ነበር፤ ዓይናችንን ግን ይፈሩት ነበር። ያየነው ሰው ይታመማል፣ ይሞታል ይባላል። "እማ፣ ይሄ እኮ ድሮ ያለፈ ነገር ነው" አልኋት። "ማን ነገረሽ ያለፈ?" አለችና ግንባሬን ስማ ሸኘችኝ።

ሰኞ።

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀየርን። ወደ ባሕር ዳር በምትበርረው ትንሿ አውሮፕላን የመስኮት ወንበር ደረሰኝ። ታች ጤፉ ደርሶ ቢጫ ነው፤ የሣር ክዳኑና ቆርቆሮው ተራ በተራ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ መሬቱ አለቀ። ሌላ የምለው የለኝም፤ በቃ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ ነው፣ ማዶ የሌለው፣ ፀሐይ የተኛችበት ውኃ። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ።

እኛ አገር ኪኔሬት፣ የገሊላ ባሕር ማለት ነው፣ ስንት ጣት ወረደ፣ ስንት ጣት ከፍ አለ እያለ ዜናው ክረምቱን ሙሉ ይነግረናል። እንደ በሽተኛ ሙቀቱን የምንለካለት ውኃ ነው። ይሄኛውን ማን ይለካዋል? በልጅነቴ ከሰፈራችን ጉብታ ላይ ሆኜ ጣናን በሩቁ እንደ ተሰጣ ነጠላ ነበር የማየው። አባቴ "ያ ውኃ ነው" ሲለኝ አላምነውም ነበር። ይቅርታ አባቴ፣ ውኃ ነው።

ሻንጣዬ አልመጣችም። ለስግድ ያሰፋሁት ነጭ ቀሚስ እሷ ውስጥ ነበር። የአውሮፕላን ጣቢያው ሠራተኛ "ነገ ትደርሳለች፣ አታስቢ እህቴ" አለኝ። በማግስቱም "ነገ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ድምፄን ሲሰማ ገና ስሜን ሳልናገር "ነገ" አለና ተያይዘን ሳቅን።

ያሳረፉን ሐይቁ ዳር ካለች ፔንሲዮን ነው። መስኮቴን ብከፍት ባሕር፤ ቧንቧዬን ብከፍት ጠብ የሚል የለም። በባልዲ ውኃ ሳስቀዳ ያገኘችኝ ሲስተር ሐያት ናት። ሐያት የሆስፒታሉ ነርስ ናት፤ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ፣ ሙስሊም፣ ሹም አቦ ሰፈር የምትኖር፣ ነገር ማጓተት የማታውቅ። እኛን ልትረዳ ተመድባ ሰላም ልትለን መጥታ ነው። ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። "ተነሽ፣ እኔ ቤት ነው የምታርፊው። ዕቃሽን አንሺ" አለች። ዞር ዞር ብላ "ዕቃም የለሽ ለካ! እሰይ፣ ሸክም ቀረልኝ" ብላ እየሳቀች በባጃጅ ይዛኝ ሄደች።

ማክሰኞ።

ከጎሕ ጀምሮ የሆስፒታሉ ግቢ ሞልቷል። በዱላ የሚመሩ፣ በልጆቻቸው የሚመሩ፣ ዓይናቸው እንደ ወተት የነጣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሁሉም ነጫጭ ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ተራ መጠበቂያ ላይ ሩብ ሰዓት ያረፈደ ሐኪም ጉድ ይፈላበታል። እዚህ ከትናንት ጀምሮ የጠበቀው ሰው "እንደምን አደራችሁ፣ ደከማችሁ" ይለናል።

እንደ እናቴ ትእዛዝ "ከኢየሩሳሌም አገር ነው የመጣነው" አልሁ። ያን ማለቴ ነው ጉዱ። ቃሉ በመደዳው ተላለፈ፤ አሮጊቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ይፈልጉኝ ጀመር። ከመራዊ ወዲያ፣ ከቆጋ መስኖ አጠገብ የመጡ እማማ አንጓች የሚባሉ እናት ትከሻዬን ዳስሰው አገኙና ሳሙት።

"ጎልጎታን አይተሻል?"

"አይቻለሁ እማማ፤ በደጁ አልፌያለሁ።"

"ዮርዳኖስንስ?"

"እሱንም።"

"ኧረ በሞትሁት! ዮርዳኖስን ያየች ዓይን ናት ዓይኔን የምታየው!" ብለው አለቀሱ። ሁለቱም ዓይናቸው ከታወረ ቆይቷል። ዶክተሩ ቀኙን ዛሬ፣ ግራውን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እንዲሠራላቸው ተወሰነ። እስከዚያው ከከተማው ዳር ሰባታሚት ካለው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊቆዩ ነው። በዘመኔ ያን ያህል አክብሮ የሳመኝ ሰው የለም። እውነቱን ልናገርና፣ ጣፈጠኝ።

ምሳ ሐያት ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ወሰደችን። አስተናጋጁ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ አመጣልኝ፤ ለእኛ አይሆንም፤ መለስሁት። በምትኩ የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ። ይሄ ኪኔሬት ውስጥ አምኑን የምንለው ዓሣ ራሱ እኮ ነው! እዚህ ግን ጭራው ከሳህኑ ውጭ ተንጠልጥሏል። ሐያት ዝም ብላ አየችኝና ወደ ቤት ስንሄድ "ትናንት ሥጋዬን አልበላሽም" አለች። "የክርስቲያኖቹንም ቁርስ ላይ አልነካሽም። አምባዛ መለስሽ። ለአያቴ እንስራና ጀበና ይሸጡላት የነበሩት ሰዎች እንዲህ ነበሩ።"

"ማንም እንዲያውቅ አልፈልግም" አልኋት።

"ወላሂ ከአፌ አይወጣም። ግን ምን አስፈራሽ? እኔም ሰው ቤት ሥጋ አልበላም፤ እነሱም እኔ ቤት አይበሉም። ተጎራብተን ስንኖር ያደግንበት ነው።" እንዲህ ብላ ሱቅ ገባችና ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ብረት ድስት ገዛች። "ይሄ ያንቺ ነው። ሽሮሽን በዚህ ሥሪ። ማንም አይነካውም፤ እኔም ጭምር" አለች። እኛ አገር አንድ ሰው ቤት ይሄን አልበላም ስል ማስረዳቱ ከመብላቱ ይረዝማል።

ረቡዕ።

ፋሻ የሚፈታበት ቀን ነው። ስንት ዓመት በዓይን ክፍል ሠርቼ ፋሻ ስፈታ አልቅሼ አላውቅም። ሬሆቮት ላይ በሽተኛው ፋሻው እንደተፈታ ስልኩን ነው የሚያየው። እማማ አንጓች ግን መጀመሪያ ያዩት የገዛ እጃቸውን ነው። አገላብጠው አዩት። "ይሄ የማን እጅ ነው?" አሉ። "የርስዎ ነዋ!" ስላቸው "እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ!" ብለው በሳቅ ፈረሱ። ግቢው ሁሉ አብሮ ሳቀ። አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ "እግዚኦ፣ እግዚኦ" እያሉ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ ዝንቧን ሳይቀር ያያሉ። እኔም ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ።

እማማ ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። አዩኝ፤ ጠጋ ብለው አዩኝ።

"አንቺ ጠይም ነሽ እንዴ! ከኢየሩሳሌም ስትይ ፈረንጅ መስለሽኝ ነበር እኮ። የእኛው ሰው ነሽ! ተወላጅነትሽ ወዴት ነው?"

"ደምቢያ ነው እማማ።"

"እሰይ! የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ምን ነበር ሥራው?"

እንግዲህ ይህች ናት። ሰው ሁሉ ይሰማል። የፈታሁት ፋሻ በእጄ ላይ ነው። የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። "ገበሬ" አልሁ።

"የተባረከ ሥራ ነው" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። አባቴ ወናፉን ሲነፋ፣ ፍሙ ፊቱ ላይ ሲበራ ይታየኛል። ማረሻ ሳይቀጠቅጥ ያደረበት ቀን የለም። አንድ ቀን እርሻ ገብቶ አያውቅም፤ መሬት ማን ሰጥቶት? እኔ ግን በሦስት ፊደል ካድሁት።

ቅዳሜ።

ሰንበትን ሐያት ቤት ዋልሁ። እሳት እንዳላነድድ ምግቤን ዓርብ አብስላ፣ ማለቴ በድስቴ እኔው አብስዬ፣ እሷ በጨርቅ ጠቅልላ አቆየችልኝ። ከሰዓት በእግራችን ወደ ሐይቁ ወረድን። ደንገሉ ዳር አንድ መንጋ ፔሊካን ውኃው ላይ ተኝቷል። በየመከሩ በእኛ ሰማይ ላይ ወደ ደቡብ ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቄ አላውቅም። እነዚያው ይሁኑ ሌሎች ማን ያውቃል፤ ግን እግሬ ከዚያ ቦታ አልንቀሳቀስ አለኝ። የእኔ ዘመዶች ስንት ሞትና ስንት መንገድ ያስከፈላቸውን ጉዞ እነዚህ ወፎች በየዓመቱ ደርሶ መልስ ያደርጉታል።

በሳምንቱ እማማ አንጓች ለጠብታ በመጡ ቁጥር ለተሰለፈው ሰው "ይቺ የደምቢያ ገበሬ ልጅ ናት፣ ኢየሩሳሌም የምትኖር" እያሉ ያስተዋውቁኛል። በሰማኋቸው ቁጥር ትከሻዬ ይወርዳል። ሐያት "ተይ፣ አትበሳጪ፣ ምን ቸገረሽ፣ ትሄጃለሽ" ትለኛለች። እኔ ግን አባቴን እዚህ ልቀብረው አልመጣሁም።

ረቡዕ፣ የስግድ ዋዜማ።

ለነገ እስከ ቀትር ፈቃድ ጠየቅሁ። ዶክተር ኤያል "አዎ፣ ያ የእናንተ በዓል" አለ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ቢሆንም "የአይሁድ ሁሉ ነው ዶክተር፣ የአንተም ጭምር" አልሁት። ቀላ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሂጂ አለኝ።

ወደ እናቴ ደወልሁ። "ብቻሽን?" አለች። "ስግድ ብቻ አይደረግም ልጄ። አሜን የሚልሽ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ሳይናዘዙ ስግድ የለም፤ ያለበለዚያ ሽቅብ መውጣት ብቻ ነው።" ገበሬ ማለቴን አልነገርኋትም። ሐያት ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁሉን ሰምታ ነበር። ስልኩን ስዘጋ "አሚን ማለት እኮ እችላለሁ" አለች።

ሐሙስ፣ ስግድ።

ሐያት ነጭ ጥበብ ቀሚሷን አለበሰችኝ፤ በወገቤ ሰፍቶኝ በመቀነት አሰርነው። ውኃም ሳልቀምስ ወጣን። ባጃጁ ከሰባታሚት ወዲያ ካለች አንዲት ጉብታ ሥር አደረሰን። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ሐያት ደግሞ አነስ ያለ መርጣ አነሳች። "አንቺ ምን አደረግሽ?" ስላት "ኃጢአት የሌለብኝ መሰለሽ?" አለችኝ።

ከላይ ደርሰን ዞር ስንል ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ ጣና ነው። ሌላ ምንም የለም። ሰሜን የት ነው ብዬ ስልኬን ከፈትሁና ወዲያው ዘጋሁት። ሰሜን ማለት ሐይቁ ራሱ ነው! ከዚያ ወዲያ ደምቢያ፣ ከዚያ ወዲያ አባቶቼ ይሰግዱባቸው የነበሩ ተራሮች፣ ከዚያ በረሃው፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም። ሁሉም በአንድ መስመር ከፊቴ ተዘርግተዋል። ኢየሩሳሌም ላይ በሺህ ሰው መሃል፣ በድምፅ ማጉያ፣ በፖለቲከኛ ንግግር የማከብራት ስግድ እንዲህ ግዙፍ ሆና አልታየችኝም ነበር። አሁን ነው የገባኝ፣ እነዚያ ሰዎች ያላዩትን ከተማ ይህን ሁሉ ርቀት አሻግረው እንዴት ይናፍቁት እንደነበር። ሳላስበው በግንባሬ ተደፋሁ።

ቄስ የለም፣ መጽሐፍ የለም። ከአባቴ አፍ የቀረችኝን "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል" ደጋግሜ አልሁ። ሐያት "አሚን" አለች። ኃጢአቴን ስናዘዝም ጮክ ብዬ ተናዘዝሁ፤ በአባቴ ሰው ፊት አፈርሁበት፣ ካድሁት አልሁ። ሐያት "አሚን" ልትል ጀምራ አለቀሰች።

ስንወርድ እማማ አንጓች ከእህታቸው ልጅ ደጅ ቆመዋል። በአንዲት ዓይናቸው መንደሩን ሲያስሱ ነው የሚውሉት ይባላል። ግንባሬ ላይ ያለውን አቧራ አዩ።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ወድቀሽ ነው?"

ላልፈው እችል ነበር። ግን ያን ያህል ተናዝዤ ወርጄ በመጀመሪያው ሰው ፊት ልዋሽ? "ሰግጄ ነው እማማ። ዛሬ የእኛ በዓል ነው። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። አባቴ ገበሬ አልነበረም፤ ዋሽቼዎታለሁ። ቀጥቃጭ ነበር። እናቴም ሸክላ ሠሪ ናት።"

እማማ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ያቺን አዲሷን ዓይናቸውን ሸፈኑና ወደ ኋላ እየሄዱ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ሐያት ለበዓሉ ድፎ ዳቦ ደፍታልኝ ነበር፤ እሷ ቤት ደርሰን ባረክሁና ቆረስሁ፤ ግን ቁራሹን መልሼ አኖርሁት። "ነገ የግራ ዓይናቸው ተራ ነው" አልኋት። "ባይመጡስ? እኛ እንሄዳለን፤ ያ ዓይን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ጠብታውን ፈርተው ቢተዉት ቀኙም ይመረቅዛል። እኔ ህሊናዬን ላሳርፍ ብዬ የአንዲት እናት ዓይን ላጠፋ ነው?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል" አለች ሐያት። ፊቷን ሳየው ግን እሷም ፈርታለች።

ዓርብ።

የመጨረሻው ቀን ነው። ዝርዝሩ ላይ እማማ አንጓች ሦስተኛ ናቸው። ስማቸውን ጠራሁ፤ የለም። አራተኛው ገባ። አምስተኛው ገባ። በየመሃሉ ወጥቼ ስጠራ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። ዶክተሩ መሣሪያ ሊያስነሳ ሲል "አንድ ሰው ቀርቶኛል፣ ጥቂት ጠብቅ" ብዬ ለመንሁት። ቀትር ሊሆን ነው።

መጡ። በእህታቸው ልጅ ክንድ ተደግፈው፣ ዓይናቸው በነጠላ እንደተሸፈነ መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሐያት ጠብታውን ይዛ ቀረበች፤ እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ።

"አንቺ አይደለሽም። እሷ ትምጣ" አሉ።

ሄጄ ተንበረከክሁ። ነጠላቸውን አንስተው በደንብ አዩኝ። "አልደብቅሽም፣ ፈራሁሽ" አሉ። "እንዲህ ተሸፍኜ ነው ያደርሁት። ለዓይኔ ሌሊቱን ሙሉ አዘንሁለት፤ በላችው፣ ነገ አይነጋለትም ብዬ። ጠዋት ፈርቼ ፈርቼ ብገልጠው ዓይኔ አለ። የእህቴን ልጅ አየሁት፣ ዶሮዋን አየኋት፣ ፀሐይዋን አየኋት። እናቴ የነገረችኝን ስፈራ አረጀሁ፤ ሲዋሹኝ ነው የኖሩት።" ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞረው፣ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይቺ የደምቢያ ቀጥቃጭ ልጅ ናት! ቤተ እስራኤል ናት!" አሉ።

አንድ ሰውዬ ከአግዳሚው ተነስቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አየሁት፤ አልዋሽም። ሌሎቹ ግን ባሉበት ቀሩ። እማማ ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑልኝ። የግራ ዓይናቸውን ቆብ በጣቴ ገልጬ ጠብታውን አደረግሁ። እሳቸውም ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ነውና ሥራ ሳልነካ፣ በእግሬ ሄጄ ቆሜ ሳይ ሐያት ፋሻውን ፈታችላቸው። እማማ በሁለት ዓይናቸው አይተውኝ "አሁንስ ሙሉ ሆነሽ ታየሽኝ" አሉ። እሑድ ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ ያ ሠራተኛ ሻንጣዬን እየጎተተ መጣ፤ ከደረስሁ ጀምሮ የጠበቅኋትን ሻንጣ ሳልከፍታት መልሼ አስጫንኋት። ሐያት አቅፋ ሸኘችኝ።

ሰኞ፣ ሬሆቮት።

እናቴ ሁሉንም ነገር ሰማች። ሐይቁን፣ ፔሊካኖቹን፣ ጉብታውን፣ "ገበሬ" ማለቴን፣ የተዘጋውን በር። አንድ ጊዜም አላቋረጠችኝም፤ ይህም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ስጨርስ "ታዲያ ነካሻቸው? በእጅሽ?" አለች።

"ነካኋቸው። እሳቸውም ያዙኝ።"

"እኔ ስንት ዘመን እንስራ ሰጠኋቸው" አለች። "መሬት ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ እነሱ መጥተው የዋጋውን እህል አፍስሰው፣ እንስራውን ይዘው ይሄዳሉ። እነሱ ፈርተው፣ እኛም እንዳንረክስ ብለን። የአንዳቸውንም እጅ አላውቀው።" ቀኝ እጄን ሳበችና አገላብጣ አየችው። "ድሮ ቢሆን 'ወንዝ ወርደሽ ታጠቢ፣ ሳትታጠቢ ቤቴ እንዳትገቢ' ነበር የምልሽ" አለች፤ እጄን ግን አለቀቀችውም።